የአንድ ሰመር ደመወዝ ወይስ የዕድሜ ልክ ስንቅ?

በቢከን ሂል የሚኖር ወይም በዚያ የሚያልፍ ሁሉ በኮረብታው ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የቆመውን ትልቅ የጡብ ሕንፃ ያውቀዋል። ዛሬ ፓሲፊክ ታወር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1933 ሲከፈት የመርከበኞች ሆስፒታል ነበር፤ በኋላም የፌዴራል መንግሥት የሕዝብ ጤና ሆስፒታል ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። ብዙ ሰው የአማዞን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት እንደነበረ ያስታውሳል። ለኖቤል ሽልማት የበቃ የካንሰር ምርምር በዚሁ ሕንፃ ውስጥ መካሄዱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ዶክተር ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሲመጡ የሥራ ቦታቸው ይህ ሆስፒታል ነበር። ዓላማቸው የደም ካንሰር ለያዘው ሰው ከጤነኛ ሰው መቅኔ ወስዶ መስጠት ነው። መቅኔ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ፣ ደምን የሚሠራ የሰውነት ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ነገሩን አይሆንም ብለው ትተውት ነበር። እሳቸው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ውጤታቸውን ካሳተሙላቸው ስድስት ሕሙማን መካከል አንድም አልተረፈም። ሆኖም ቡድናቸው በውሾች ላይ እየሞከረ፣ ያልሠራውን ለምን እንዳልሠራ እየመረመረ ለዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሌላ ሕክምና ካልረዳቸው 100 የደም ካንሰር ሕሙማን ውስጥ 13ቱ ከበሽታው ነጻ ሆነው በሕይወት እንዳሉ አስታወቀ። 13 ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን መቶዎቹም ተስፋ የተቆረጠባቸው ነበሩ። ዶክተር ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እስከ 2012 መጨረሻ ድረስም በዓለም ዙሪያ የተደረገው እንዲህ ያለ ንቅለ ተከላ 1 ሚሊዮን ደረሰ።

ይህ ሥራ በመጨረሻ የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1975 በተከፈተው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ነው። ፍሬድ ሃቺንሰን ሐኪም አልነበረም፤ የቤዝቦል ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። የተማረው ከቢከን ሂል ግርጌ በሚገኘው፣ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በተማሩበት በፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ላይ የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ሲያውቅ፣ የበሽታው ስም በአደባባይ በማይጠራበት ዘመን፣ ሳይደብቅ ለሕዝብ ተናግሮ ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በ45 ዓመቱ አረፈ። ማዕከሉን በስሙ ያቋቋሙት የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆኑት ታላቅ ወንድሙ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ምርምር የሚቀጥሉት ወጣቶች ናቸው። በአሜሪካ ወጣቱን ወደ ምርምር ከሚያስገቡት በሮች አንዱ የሰመር ፌሎሺፕ ይባላል። እዚህ አገር ሰመር የሚባለው አገር ቤት ክረምት የሚባለው የዕረፍት ጊዜ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰ የሕክምና ተማሪ ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ሳምንታት ከአንድ ተመራማሪ ሐኪም ሥር ሆኖ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይይዛል። ማስረጃ ይሰበስባል፣ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ያያል፣ የሕሙማንን መዝገብ ያገላብጣል፤ በመጨረሻም ያገኘውን በሊቃውንት ፊት ቆሞ ያስረዳል። ለዚህም ይከፈለዋል። በኒውዮርክ የሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ሲያካሂድ ቆይቷል። እዚሁ ሲያትል ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የሕክምና ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ የሰመር ምርምር ሲያዘጋጅ ኖሯል። ፍሬድ ሃቺንሰንም ገና ሕክምና ላልገቡ የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጭምር ደመወዝ ያለው የሰመር ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል።

ክፍያው ግን ብዙ አይደለም። ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ታክሲ እየነዱ፣ በአየር ማረፊያ ፓርኪንግ ሌሊት እየሠሩ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሁለት ፈረቃ እየገቡ ልጅ ያስተማሩ ወላጆች በሰመር ልጃቸው ገንዘብ ይዞ እንዲመጣ ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም። የቤት ኪራይ አለ፤ አገር ቤት የሚጠብቅ ዘመድ አለ። “ሐኪም ይሆናል ስንል አይጥ ሲቆጥር ሊከርም ነው?” የሚል ወላጅም አይጠፋም።

ነገር ግን ትንሽ ነገር መቁጠር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሥራቸው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው። የእናቶች ሳሙና የነበረው እንዶድ በዚህ ምልከታ የዓለም ሳይንስ ጉዳይ ሆነ፤ እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተሸለሙ። ቀንድ አውጣ የቆጠረ ሰው ሥራ ፈታ የሚል ዛሬ የለም።

ለተማሪው የሚገኘውም ጥቅም ቀላል አይደለም። ከሕክምና ትምህርት በኋላ ሬዚደንሲ የሚባለው የልዩ ሙያ ሥልጠና ብርቱ ውድድር ያለበት ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕክምና ፈተና ከጥር 2022 ጀምሮ በነጥብ መመዘኑ ቀርቶ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ የሚባልበት ሆኗል። ስለዚህ መራጮቹ ተማሪው ምን ምርምር ሠራ፣ ማንስ መሰከረለት የሚለውን አጥብቀው ያያሉ። አንድ ሰመር አብሮት የሠራ ታዋቂ ሐኪም የሚጽፍለት ደብዳቤ በፓርኪንግ ደመወዝ አይገዛም። ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ክፍት የሆነ ሰመር በሕክምና ትምህርት ዘመን የሚገኘውም አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት መካከል ብቻ ነው።

ወላጆችም ተማሪዎችም ሊያውቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጊዜው ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት በረዶ ሳይቀልጥ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በሰኔ የሚጀመር የቤተሰብ ምክክር ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ እንደ መድረስ ነው። ስለ ሰመር የሚወራው በገና ሰሞን ነው። ሁለተኛው ወረቀት ነው። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ጉዳዩ ገና በኢሚግሬሽን እጅ ያለ ተማሪ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ የትምህርት ቤቱን የምርምር ቢሮ ቢጠይቅ፣ በሌላ ገንዘብ የሚካሄድ ሊያገኝ ይችላል።

ጉዳዩ የአንድ ተማሪ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አንባቢ ልብ ይበል። በቢከን ሂል ሲመረመር የነበረው የመቅኔ ሕክምና የሰጪውና የተቀባዩ ሥሪት እንዲገጥም ይጠይቃል። ሥሪቱ ከአባትና ከእናት የሚወረስ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ የሚፈለገው ከለጋሾች መዝገብ ነው። በአሜሪካ መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጭ ሕመምተኛ ከመቶ 79 ያህል ሲሆን፣ ለጥቁር ሕመምተኛ ግን 29 ያህል ነው። በዚያ ላይ በብዙ የሕክምና ጥናቶች ኢትዮጵያዊው “ጥቁር” በሚል አንድ ቃል ተጠቃሎ ስለሚጻፍ፣ ለብቻው ምን እንደሚያሳምመው አይታይም። ይህን ጥያቄ ብሎ የሚያነሣው በአብዛኛው ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣ ተመራማሪ ነው። በአማርኛ እናቲቱን አነጋግሮ፣ ለምን ምርመራ እንዳልሄደች ሰምቶ፣ ያንን በሳይንስ ቋንቋ መጻፍ የሚችል ሰው ከሌላ ቦታ አይመጣም።

አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። በየቤቱ ግን ካንሰር ዛሬም “ያ በሽታ” እየተባለ በሹክሹክታ ይነገራል፤ ሕመምተኛው ራሱ ሳይነገረው የሚሞትበት ጊዜም አለ። የፍራንክሊኑ ልጅ ሕመሙን ለሕዝብ ተናገረ፤ ወንድሙም ሐዘኑን ማዕከል አደረገው። በዚህ ማኅበረሰብ ደግሞ ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች አሉ። ቤተሰብ ከቻለ የአንዱን ሰመር ገቢ ይተውላቸው፤ ካልቻለም ዕድሩም ሆነ ማኅበሩ የኪራዩን ጉድለት ቢሞላ፣ ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ አንድ ጊዜ እንኳ ለሕይወት ይዋጣል። ገና ሳይደርስ ይመከርበት።