ማሾው ወዴት ይሄዳል?

በየመኝታ ቤቱና በየደጃፉ ስለ ምግብ የማይወራበት ቀን የለም። ወሬው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ገንዘቡ አነሰ፥ ወጡ ቀጠነ፥ ዳቦው ደረቀ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነውም ይህን ለማስተባበል አይደለም። ከይፋት ቆላ የመጣን፥ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ገበያ ያደግን ተማሪዎች እንደ መሆናችን፥ በወሬው ውስጥ የተረሳ አንድ ጉዳይ አለና እሱን ለማስታወስ ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን እንይ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበረ፤ ቀጥሎ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። 22 ብር ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንዱ ማዕድ ከ7 ብር ብዙም አያልፍም ነበር፤ 100 ብር ሲካፈል 33 ብር ይደርሳል። ጭማሪው ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የጤፉም የዘይቱም ዋጋ ቆሞ አልጠበቀንም። ከግቢው ማዕድ ወጥተው ድርሻቸውን በገንዘብ የሚቀበሉት፥ «ነን ካፌ» የምንላቸው ጓደኞቻችንም በእጃቸው በገባችው ብር ከወር ወር መድረስ አለባቸው። ወሩ ሲገባ ጥብስ፥ ወሩ ሊያልቅ ሲል ዳቦ በሻይ! ይህን ሥርዓት የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ከእኛም መካከል ከቤት በሶና ቆሎ ይላክላቸው የነበሩ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተቃጠለች፥ ቤቱና ሱቁ ነድዶ ሰው ከተሰደደ ወዲህ ግን ስንቅ መጠበቅ ቀርቷል።

ዳቦ በሻይ ሆድ ይሞላል፤ ገላን ግን አይገነባም። እንግዲህ ጥያቄው በዚያችው ገንዘብ ገላን የሚገነባ ምን ይገኛል ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በሰንበቴ በኩል ወደ አጣዬ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ነው፤ ማሽላና ማሾ!

ማሾን የይፋት ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ሲከሽፍበት መሬቱን ገልብጦ ማሾ ይዘራል፤ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርስለታልና። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እህሉ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሸጣል፤ ከዚያም ተጭኖ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ይሄዳል። ለገበሬው ገንዘብ ማምጣቱ መልካም ነው፤ ማንም ይሂድ አይሂድ አንልም። የሚገርመን ሌላ ነው። የሕንድ ተማሪ ምናልባት የይፋትን ማሾ በልቶ ለፈተና ሲያጠና፥ የይፋት ልጅ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ባዶ ፓስታ በዘይት ይበላል።

በመቶ ግራም ደረቅ ማሾ ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። በእፍኝ የምትያዝ 50 ግራም ማሾ እንኳ በመጠን የሁለት እንቁላል ያህል ፕሮቲን ትሰጣለች። ማሽላ ለብቻው ሲበላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ማሾ ደግሞ ይህንኑ በብዛት ይዟል። ማሾ የሚያንሰውን በበኩሉ ማሽላው ያሟላለታል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ የሚበላ ሰው፥ ሥጋ ባያይም ተጎድቷል አይባልም። በዚያ ላይ ቲማቲም ቢጨምርበት ወይም ከሮቢት የመጣ ፓፓያ ቢያስከትልበት፥ በማሾው ያለው ብረት ወደ ደሙ እንዲገባ ይረዳዋል። ሻዩን ግን ከማዕዱ ጋራ ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣ ይሻላል፤ ሻይ ብረቱን ይይዝበታልና። (ሻይ ተዉ ብንል ማን ይሰማናል?) ማሾ ማታ ከተዘፈዘፈ ጧት ቶሎ ይበስላል። ወጥ ቢሉ ወጥ፥ ንፍሮ ቢሉ ንፍሮ ይሆናል፤ እንደ ባቄላ በቆልት አብቅሎ ቀቅሎ መብላትም ይቻላል።

ታዲያ ለምን አይበላም? አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። የማሽላ እንጀራ ሲባል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ፥ «የድኻ እህል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚባለውን ተረት ያውቃሉ፤ ማሽላው የሚስቀው በማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቁም። ጤፍ የክብር እህል ሆኖ ሳለ፥ ጤፍ መግዛት ያቃተው ተማሪ ወደ ማሽላ ከመውረድ ይልቅ ወደ ደረቅ ዳቦ ይወርዳል። ይህ ምን ዓይነት ኩራት ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ግን የተማሪው ጥፋት አይደለም። በመኝታ ቤት ምድጃ ማንደድ ክልክል በሆነበት ግቢ ማሾ የት ይቀቀላል? ከአጥሩ ውጭ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት እንኳ ለከሰሉና ለመብራቱ ያስባሉ። ደግሞም «ማሾ ርካሽ ነው፥ ገንቢ ነው» ማለታችንን ይዞ፥ እንግዲያው በጀቱ ይበቃቸዋል የሚል ባለሥልጣን ቢነሣ ከወዲሁ እንቃወመዋለን። ቁጠባ የተማሪው ብልኃት ነው እንጂ የበጀት ቅነሳ ማመካኛ አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። በይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ሥጋ ሲሆን ግን ማዕዱ ይለያያል። በአንድ ክፍል የሚኖሩ ስድስት ተማሪዎችም እንደዚሁ ናቸው። የማሾ ድስት ግን ለጾመኛውም ይሆናል፥ ለረመዳን ማፍጠሪያም ይሆናል፤ ባራኪው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅበትም። ከተማቸው ሲቃጠል ላዩ ልጆች ከአንድ ድስት መብላት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት የምግብ ኮሚቴ ሦስት ነገር ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ክረምቱ አልፎ አዲሱ ማሾ ገበያ ሲወጣ በቀጥታ ከይፋት ገበሬዎች ማኅበራት እንዲገዛ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ በሙከራ እንዲቀርብ፤ ከግቢው ማዕድ ለወጡት ደግሞ በኪሎ የሚሸጥበት ቦታና አንድ የጋራ ማብሰያ ቤት እንዲፈቀድ። ጣዕሙን ያልወደደ ተማሪ ካለ ሐሳቡን ጽፎ ያምጣልን፤ እናትመዋለን። የኮሚቴውን መልስ በሚቀጥለው እትም ለማንበብ እንጠብቃለን።