ያልተለካ የበጋ ውኃ ለማን ይመሰክራል?

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ዜና አለ። አዋሽ ሞልቶ ሰብል አጥለቀለቀ፣ ነዋሪዎችን አፈናቀለ ይባላል። ዜናው ተገቢ ነው፤ ጎርፍ ሰው ይገድላል፣ ንብረት ያወድማል። በየካቲትና በመጋቢት ግን የአዋሽ ገባር የሆነች አንዲት ጅረት እንደ ክር ቀጥና ቀስ በቀስ ስትጠፋ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ጋዜጠኛ የለም። ውኃ ሲመጣ በጩኸት ነው፤ ሲሄድ ድምፅ የለውም። የሕግ ሰው እንደመሆኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ሰው በውኃ የሚካሰሰው፣ አልፎ ተርፎም የሚጋደለው ውኃ በተረፈ ጊዜ ሳይሆን ባነሰ ጊዜ ነውና።

ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ወንዝ እጅግ ባነሰበት ወር ምን ያህል ውኃ እንደነበረው በምን እናውቃለን? ጉዳዩን ለመሐንዲሶች ብቻ የምንተወው ከሆነ ተሳስተናል። ይህ የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃ በሌለበት ደግሞ መብት የወረቀት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውኃ አጠቃቀም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ባለመሬቱ በመሬቱ የሚያልፈውን ውኃ ለመስኖ እንዲጠቀምበት ይፈቅድና፣ አጠቃቀሙ ውኃውን ለቤት አገልግሎትና ለከብት ማጠጫ የሚፈልጉትን ሰዎች እንዳይጎዳ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል፤ ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችን አስተዳደርም ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ከማናቸውም አገልግሎት በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ከባህላዊ መስኖና ከመሰል አነስተኛ አገልግሎቶች በስተቀርም በውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። አፈጻጸሙን ደንብ ቁጥር 115/1997 ዘርዝሮታል። አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶቹ ስምና አወቃቀር ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል።

እንግዲህ ሕግ አልቸገረንም። የቸገረን ሕጉ የሚቆምበት ቁጥር ነው። “ጉዳት ደርሷል” ለማለት ከዚያ በፊት ስንት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። “ቅድሚያ ለመጠጥ” ለማለት ለመጠጥ የሚበቃው ስንት እንደሆነና ወንዙ ውስጥ ያለው ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ፈቃድ የሚሰጥ ሹምም የሌለ ውኃ እንዳይፈቅድ ዝቅተኛው ፍሰት በእጁ ሊኖር ይገባል።

በጥብቅና ዘመኔ ካየኋቸው ክርክሮች አንዱ ይህን በሚገባ ያሳያል። በላይኛው አዋሽ በአንዲት ጅረት የላይና የታች ሰፈር ሰዎች ተካሰሱ። የታቾቹ “የላዮቹ ፓምፕ ከተከሉ ወዲህ ለከብት የሚሆን ውኃ እንኳ አጣን” አሉ። የላዮቹ መልስ “ድሮም በየካቲት ትደርቃለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቀረ” የሚል ነበር። ምስክር ተቆጠረ። አንዱ አዛውንት “ቀድሞ በዚህ ወር ጉልበቴ ድረስ ይመጣ ነበር” አሉ፤ ሌላው “ከቁርጭምጭሚት አልፎ አያውቅም” አሉ። ዳኛው ባለሙያ ቀርቦ ያስረዳ ቢሉም፣ በዚያች ጅረት ላይ የበጋ ፍሰት አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም ነበር። ባለሙያው ምን ብሎ ያስረዳ? በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ውኃውን በፈረቃ አካፈላቸው። ሽማግሌዎቹ ይመስገኑ። ዳሩ ግን የተካፈለው ቀን እንጂ ውኃ አልነበረም። ጅረቷ በሳሳች ቁጥር የኋለኛው ባለተራ ድርሻ እርጥብ አሸዋ መሆኑ አይቀርም።

ለመሆኑ የወንዝ ውኃ እንዴት ይለካል? በመለኪያ ጣቢያው በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ዘንግ ውኃው ውስጥ ይተከላል። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው ጥዋትና ማታ የውኃውን ከፍታ አንብቦ በመዝገብ ያሰፍራል። ከፍታ ግን መጠን አይደለም። ስለሆነም ባለሙያዎች በየጊዜው እየመጡ የወንዙን ስፋት ከፋፍለው፣ በየክፍሉ ጥልቀቱንና የውኃውን ፍጥነት ይለካሉ፤ ፍጥነቱን የሚለኩት ውኃው በሚያሽከረክራት አነስተኛ መሣሪያ ነው። ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ሲባዙ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ይታወቃል። ይህ በተለያየ ከፍታ ተደጋግሞ ሲሠራ ከፍታን ከፍሰት የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ የአንባቢው ሴንቲሜትር በሠንጠረዡ አማካይነት ወደ ሜትር ኩብ ይመነዘራል።

በክረምት ይህ ዘዴ በአብዛኛው ያስኬዳል። ጣጣው የሚመጣው በበጋ ነው። አንደኛ፣ ክረምቱ ደለልና ጠጠር አምጥቶ የወንዙን ወለል ይለውጠዋል። ሦስት ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ የ10 ሴንቲሜትር ለውጥ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፤ 20 ሴንቲሜትር ብቻ በቀረው ውኃ ላይ ግን የአምናውን ሠንጠረዥ ዋጋ ያሳጣዋል። ሁለተኛ፣ ውኃው በጣም ሲያዘግም መሣሪያዋ መሽከርከር ታቆማለች። ሦስተኛ፣ የቀረው ውኃ ከዘንጉ ርቆ በሌላ በኩል ቀጭን መንገድ ይይዝና ዘንጉ ደረቅ መሬት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው “ዜሮ” ነው ወይስ “አልተነበበም”? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በፍርድ ቤት “አልነበረም” ያለ ምስክርና “አላየሁም” ያለ ምስክር እኩል እንደማይመዘኑ ማለት ነው።

ለትንንሽ ጅረቶች ያለው መፍትሔ አገር የሚያስበድር አይደለም። በጅረቷ ላይ የ“ቪ” ቅርጽ ያለው አፍ የተበጀለት አነስተኛ ግድግዳ ይሠራና ውኃው በሙሉ በዚያ አፍ እንዲወጣ ይደረጋል። የአፉ ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነ፣ ውኃው ከአፉ የታችኛው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል የሚያልፈው በሴኮንድ 4.4 ሊትር ያህል ነው። ከፍታው 11 ሴንቲሜትር ሲሆን ግን 5.5 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ልብ በሉ! አንዲት ሴንቲሜትር ውኃውን በሩብ አሳደገችው። የበጋ ንባብ በግምትና በችኮላ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ከዚያም ለምታንስ ጅረት ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ10 ሴኮንድ ከሞላ ፍሰቱ በሴኮንድ 2 ሊትር ነው። ይህን 2 ሊትር አንናቀው። በ24 ሰዓት 172,800 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብናስብ ለ8,640 ሰው ይዳረሳል። ለመስኖ ከዋለ ግን፣ ለአንድ ሄክታር በሴኮንድ 1 ሊትር በሚለው የተለመደ ግምት፣ የሚያጠጣው ሁለት ሄክታር ማሳ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጥ ተራ የመስኖ ፓምፕ ደግሞ ይህችን ጅረት ጨርሶ ጠጥቶም አይረካም። እዚህ ላይ የሕግ ጥያቄ ይነሳል። በነዳጅ የሚሠራው ፓምፕ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው “ባህላዊ መስኖ” ነውን? አንዱስ ይሁን፣ ሃያ ሲሆንስ? በዚህ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም ለከተማው የሚያቀርብ ታታሪ ገበሬ አለ፤ በዚያ በኩል ጀሪካን ይዛ ባዶ ወንዝ የምትጠብቅ እናት አለች። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ሊዳኛቸው የሚችለው ቁጥር ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ቁጥር ስም አለው፤ ሕጋዊ ውጤትም አለው። አንዱ መለኪያ ከመቶ ቀን በ95ቱ ወንዙ የማይወርድበት መጠን ነው። ሌላው የዓመቱ እጅግ ዝቅተኛ ተከታታይ ሰባት ቀናት አማካይ ነው። በእንግሊዝ በብዙ የውኃ መቅጃ ፈቃዶች ላይ ወንዙ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ፓምፑ ይቁም የሚል ግዴታ ይጻፋል። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች አንድ ፋብሪካ ወደ ወንዝ የሚለቀው ቆሻሻ የሚሰላው በአሥር ዓመት አንዴ በሚያጋጥመው የሰባት ቀን ዝቅተኛ ፍሰት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ከረጅምና ካልተቆራረጠ መዝገብ ነው። በድርቅ ዓመት ንባብ የተቋረጠበት ጣቢያ እጅግ አስፈላጊው ገጽ የተቀደደበት መጽሐፍ ነው።

ወደ አዋሽ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከሚገኙት ደጋዎች ተነስቶ፣ ወንጂን፣ መተሐራንና አሚባራን አጠጥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባህር አይደርስም፤ ስለዚህም የአዋሽ ሙግት ከሞላ ጎደል የእርስ በርሳችን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራው የቆቃ ግድብ በታች ያለውን የበጋ ፍሰት በአመዛኙ የሚወስነው የግድቡ አለቃቀቅ ነው። ከግድቡ በላይ፣ በመልካ ቁንጡሬና በሆምቦሌ የሚለካው ወደ ተፈጥሮ የቀረበ ነው። እርሱም ቢሆን ከፓምፖቹ የተረፈው ነው። ወንዙን ለክቶ ፓምፑን አለመለካት ወጪን ሳያውቁ ካዝና መቁጠር ነው።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደግሞ ነገሩ ከደጃችን ነው። የአቃቂ ወንዞች የአዋሽ ገባሮች ናቸው። በበጋ የተፈጥሮ ውኃቸው ሲሳሳ የከተማው ፍሳሽ ድርሻ ይበዛል፤ በዚያው ውኃ የለማ ጎመንና ሰላጣ ገበያችን ይገባል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። ሆኖም ከፋብሪካው ቱቦ ጫፍ ላይ ብቻ ቆመን ብንለካ ግማሹን ነው ያወቅነው። ያው ፍሳሽ በነሐሴ ሙላት የሚያደርሰውና በየካቲት ጭላጭ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ አይደለም።

“ይህ ሁሉ ችግር እያለ ስለ ጅረት ዘንግ?” የሚሉኝ ይኖራሉ። ለእነርሱ አባይን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን እኛን ሳይጨምሩ ሲፈራረሙ ጠረጴዛው ላይ ያቀረቡት ለረጅም ዓመታት የተመዘገበ የፍሰት ቁጥር ነበር። 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው፣ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪውን 10 ለትነት አሉ። የውኃው ምንጭ እኛ ነን፤ መዝገቡ የእነርሱ ነበር። በህዳሴው ግድብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በተካሄዱት ድርድሮችም እጅግ ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ “ድርቅ” እና “የተራዘመ ድርቅ” በምን መጠን ይተርጎሙ፣ ግድቡስ ያን ጊዜ ስንት ይልቀቅ የሚለው ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የዝቅተኛው ፍሰት ጥያቄ ግን ድርቅ በመጣ ቁጥር ይነሳል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ቁጥርም እንዳይጠማው እሰጋለሁ።

ምን ይደረግ? በእኔ እምነት አራት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ የባለሙያ ልኬታ ለክረምት ሙላት ብቻ ሳይሆን ከኅዳር እስከ ግንቦት ቢያንስ በየወሩ ይካሄድ፤ “ዜሮ” እና “አልተነበበም” ተለይተው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ጥዋትና ማታ ወንዝ የሚወርደው አንባቢ የሚገባውን ክፍያ በወቅቱ ያግኝ፤ የአገር ማስረጃ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የውኃ ፈቃድ ፓምፑ የሚቆምበትን ዝቅተኛ ፍሰት በቁጥር ይያዝ፤ ፓምፑም ቆጣሪ ይኑረው። አራተኛ፣ ልኬታው በየሳምንቱ ለሕዝብ ይገለጽ። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ነው፤ የጋራ ሀብታችን የሆነው ውኃ ስንት እንደቀረ ማወቅ ከዚህ መብት ሊወጣ አይችልም።

ውኃ ባነሰበት ወር የተጻፈ አንድ መስመር ንባብ ነገ በፍርድ ቤትም ሆነ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ያልተለካ ውኃ የሚመሰክረው ግን ቀድሞ ለቀዳው፣ ፓምፑም ለገዘፈው ሰው ነው።