ቆጣሪው የሚያውቀውን ኢንቴግራል ተማሪው ለምን አያውቀውም?

የመብራት ካርድ የሚሞላ ሁሉ የሚከፍለው ለኢንቴግራል ነው። ምጣዱ ሲሰካ ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲነቀል ይወርዳል፤ ቆጣሪው ይህን ከፍ ዝቅ የሚል ኃይል በየቅጽበቱ ከጊዜው ጋር እያባዛ ይደምራል። ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው ይኸው ድምር ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ይህን አንድም ቀን ሳይሰማ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል። የቀድሞውን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ቅደም ተከተል ማየት ይበቃል። መጀመሪያ «የዲፈረንሼሽን ግልባጭ»፣ ቀጥሎ ብልሃቶቹ፦ ሰብስቲቲዩሽን፣ ፓርሻል ፍራክሽን፣ ባይ ፓርትስ። ስፋትና ዴፊኒት ኢንቴግራል የሚመጡት ከዚያ ወዲያ ነው። ታሪኩ ተቃራኒ ነው፤ አርኪሜዲስ ትሪያንግሎችን እየደመረ የፓራቦላን ስፋት ያገኘው ኒውተንና ላይብኒዝ ግልባጭነቱን ከማሳየታቸው ከ1,800 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ፈተናው ይብሳል። «የዚህ ፈንክሽን ኢንቴግራል የቱ ነው?» ብሎ አራት ምርጫ የሚደረድር ጥያቄ ኢንቴግሬሽንን አይፈትንም። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ዲፈረንሼት ያደረገ ልጅ ምንም ኢንቴግሬት ሳያደርግ መልሱን ያገኛል። (የማጠናከሪያ አስተማሪ ይህን ቢያስጠና ማን ይወቅሰዋል?) በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት ወደ ተማሪውና ወደ መምህሩ ተቀሰረ። ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚለካ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የብልሃቶቹ ጠበቆች ያለ ልምምድ ሒሳብ የለም ይላሉ። እውነት ነው። ሰብስቲቲዩሽን የቼይን ሩል፣ ባይ ፓርትስ የፕሮዳክት ሩል ግልባጭ መሆኑን ማየት አእምሮን ይስላል። ነገር ግን የትኛውም ብልሃት የማይፈታቸው ፈንክሽኖች ሞልተዋል። በስታቲስቲክስ የሚታወቀው የደወል ቅርጽ ያለው ከርቭ ኢንቴግራሉ በተለመዱት ፈንክሽኖች ጨርሶ አይጻፍም። ችሎታ አንሶ አይደለም፤ እንደማይቻል ተረጋግጧል፤ የዚህን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ፈረንሳዊው ሊዩቪል በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ጥሎታል። ተማሪው ግን ብልሃቱ ከተገኘ ሁሉም ይፈታል ብሎ ይወጣል።

ዓባይም ፎርሙላ የለውም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ወደሚይዘው የህዳሴ ግድብ በነሐሴ ሞልቶ፣ በየካቲት ሳስቶ የሚገባውን ውኃ የሚያሰላ ባለሙያ በእጁ ያለው የልኬት ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ላይ ፓርሻል ፍራክሽን ምንም አይፈይድም፤ የሚሠራው የትራፔዞይድ ወይም የሲምፕሰን ዘዴ ነው። የትራፔዞይድን ስፋት የሚያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምደዋል።

ቀጣዩ ፈተና የስድስት ወር የፍሰት ሠንጠረዥ ሰጥቶ «ስንት ውኃ ገባ?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ምርጫዎቹን ዲፈረንሼት ማድረግ አያዋጣም።