ፍላሹ በራ፤ ፎቶግራፉስ?

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። በፎቶግራፍ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ይህን የተማርሁት በዓለም ገና፣ የጅማና የቡታጅራ መንገድ ከሚለያዩበት አቅራቢያ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ነው። በአሮጌው ዜኒት ካሜራዬ ላይ ፍላሽ አስሬ ዳሱ ውስጥ ስዞር አመሸሁ፤ ፍላሹም አንዴ እንኳ ሳይከዳኝ ቦግ ይል ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ሙሽራዪቱ በብርሃን ደምቃ፣ ከጎኗ የተቀመጡት ሴት አያቷ በጨለማ ተውጠው አገኘኋቸው። እኒያ እናት ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሡት ሌላ ፎቶግራፍ የለም።

ጥፋቱ የፍላሹ ሳይሆን የእኔ ነበር። በዜኒትና በመሰሎቹ ውስጥ ፊልሙን የሚከልሉት ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች ናቸው። ፍጥነቱ ከ1/30 ሴኮንድ ሲያልፍ፣ አንደኛው መጋረጃ ጉዞውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ የፍላሹም ብርሃን እንደ መብረቅ አጭር ነውና የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት የተከፈተውን ክፍል ብቻ ነው። እኔ 1/125 ላይ አድርጌው ኖሯል። ፔንታክስ ኬ1000 እስከ 1/60 ይፈቅዳል፤ መዝጊያቸው ሌንሱ ውስጥ የሆነ፣ እንደ ያሺካ ማት 124ጂ ያሉት ግን በማናቸውም ፍጥነት ይሠራሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ነው። በብዙ አሮጌ ካሜራዎች ላይ «ኤክስ» እና «ኤም» የሚሉ ምልክቶች አሉ። «ኤም» አንዴ በርቶ ለሚጣለው ለድሮው አምፑል የተሠራ ነው፤ ያ አምፑል እስኪደምቅ ጥቂት ስለሚዘገይ ካሜራው አስቀድሞ ያቀጣጥለዋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ግን ወዲያው ስለሚበራ «ኤክስ» ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ መዝጊያው ሳይከፈት ብርሃኑ ያልፋል።

እንግዲህ ከኪስ ገንዘባችሁ ወይም ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ አሮጌ ካሜራ የገዛችሁ ሁሉ፣ ውዱን ፊልም ከማግባታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። መጀመሪያ ፍላሹን በራሱ መሞከሪያ ቁልፍ አብሩት። በዚያ በርቶ በካሜራው እንቢ ካለ ገመዱንና መሰኪያውን መርምሩ። ቀጥሎ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የካሜራውን ጀርባ ክፈቱ፤ መጋረጃውን ሳትነኩ ፊልሙ በሚዘረጋበት መስኮት ላይ ስስ ነጭ ወረቀት አድርጉ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አስፍታችሁ፣ ካሜራውንም ፍላሹንም ወደ ቅርብ ነጭ ግድግዳ አዙራችሁ አንሡ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ከበራ ደኅና ነው፤ ገሚሱ ከጨለመ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ፍላሹ በርቶ ወረቀቱ ጭራሹን ከጨለመ «ኤክስ» መሆኑን ተመልከቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፍላሽ ድንጋዩ ከወጣም በኋላ ብርቱ ኤሌክትሪክ አምቆ ሊቆይ ስለሚችል ከፍታችሁ አትነካኩት። በአንዳንድ አሮጌ ፍላሾች ገመድ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚገኝ፣ ሳይለካ ከዲጂታል ካሜራ ጋር ማገናኘት ካሜራውን ማቃጠል ነው።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ለእኒያ እናት ይህቺን አምስት ደቂቃ ነፈግኋቸው፤ እናንተ ለእናቶቻችሁ አትንፈጉ።