ካርዱን የሚያስመርጠው ድራይቨሩ ነው

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ጌም የሚጫወት ሰው ግራፊክስ ካርድ ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ድራይቨሩን ነው። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩን የካርዱ አምራች ሠርቶ ስለሚያቀርብ ገዢው የፍጥነት ሰንጠረዥ አይቶ ቢወስን ብዙም አይጎዳም። ሊኑክስ ላይ ግን የድራይቨሩ አንዱ ክፍል ከርነሉ ውስጥ ነው፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ ሜሳ በሚባለው የሶፍትዌር ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ማን እንደጻፈው፣ ኮዱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ እስከ መቼ ድጋፍ እንደሚያገኝ ከካርድ ካርድ ይለያያል።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር መሸጫ፣ ኡቡንቱ ለሚጠቀም ወጣት የተሰጠ ምክር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ በዊንዶውስ የተለካ ሰንጠረዥ ከፈተ፤ ረጅሙን መስመር በጣቱ ነካ አድርጎ “ወንድሜ፣ ይኼን ያዝ፤ አትጸጸትም” አለው። ስለ ከርነል የተነሳ ነገር የለም። ወጣቱ ካርዱን ለስንት ዓመት ሊጠቀምበት እንዳሰበም የጠየቀው አልነበረም። ካርድ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ በሚመጣበት፣ ዋጋው የብዙ ወር ደመወዝ በሚሆንበት አገር እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይጎዳል።

አብዛኛው ጌም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ያስቻለው ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙ በዳይሬክትኤክስ የሚሰጠውን ትእዛዝ በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ዲኤክስቪኬ እና ቪኬዲ3ዲ-ፕሮቶን ወደ ቨልካን ይለውጡታል። ስለዚህ የቨልካን ድራይቨሩ ደካማ ከሆነ ካርዱ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ የኤኤምዲ ካርዶች ይበልጣሉ፤ ይህ ዓምድ ይህን ሲል የመጀመሪያው አይደለም። ኩባንያው በ2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነድ ለክፍት ኮድ ጸሐፊዎች መልቀቅ ጀመረ፤ ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ድራይቨርም በ2015 ከርነል 4.2 ውስጥ ገባ። ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን ከኩባንያው ውጭ ነው። ኤኤምዲ ክፍት የቨልካን ድራይቨር እንደሚለቅ ቃል ገብቶ ሲዘገይ፣ ዴቭ ኤርሊ እና ባስ ኒዩወንሃይዘን በ2016 ራድቪን ጻፉ። ቫልቭም ገንዘብና ሰው መደበለት። በ2019 ኤኮ የተባለው የሼደር ኮምፓይለር ሲመጣ፣ በጨዋታ መሀል ምስሉ ቆም ቆም የሚልበት ችግር ቀነሰ። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክም የኤኤምዲ ቺፕ ይዞ በዚሁ ድራይቨር ይሠራል። በ2025 ኤኤምዲ የራሱን ክፍት የቨልካን ድራይቨር ማልማት አቁሞ ራድቪን እንደሚደግፍ አስታወቀ። ከደጅ የተጀመረ ኮድ የግዙፍ ኩባንያ ይፋዊ ምርጫ ለመሆን መብቃቱ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። ገዢውም በቀጥታ ይጠቀማል፦ ካርዱን ሰክቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ ለብቻ የሚያወርደው ድራይቨር የለም፤ ሜሳ በታደሰ ቁጥር አሮጌ ካርድም አብሮ ይሻሻላል።

የኤንቪዲያ ነገር ሌላ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ፣ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኩባንያውን በአደባባይ የተሳደበው ያለምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ2022 ኩባንያው ከርነል ውስጥ የሚገባውን ክፍል ኮድ ክፍት አደረገ፤ በ2024 የወጣው 555ኛው ድራይቨርም ዌይላንድ ላይ የነበረውን የምስል ብልጭታ በአብዛኛው አስወገደ። ቨልካኑን የያዘው ዋናው ክፍል ግን ዛሬም ዝግ ነው፤ የዝግ ኮድን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ ነው። በ2025 መጨረሻ 590ኛው ድራይቨር ሲወጣ ማክስዌልና ፓስካል የተባሉት ትውልዶች ከድጋፍ ወጡ። አርች ሊኑክስ ወዲያው አዲሱን ተቀበለ። የፓስካል ትውልድ የሆነውን ጂቲኤክስ 1060 ይዞ እንደ ልማዱ ሲስተሙን ያዘመነ ሰው ኮምፒውተሩን መልሶ ሲያበራ ዴስክቶፑን ሊያጣው ይችል ነበር፤ መውጫው 580ኛውን ድራይቨር ለብቻው ፈልጎ መጫን ነው። በክፍት ኮድ የተጻፈው ኑቮም አይታደገውም፤ በኤንቪዲያ የተፈረመ ፈርምዌር ስለሚያስፈልግ የፓስካልን ካርድ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ማድረስ አይችልም። እንደ ጂቲኤክስ 1060 ሁሉ በ2016 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 480 ግን በአዲሱ ከርነልና ሜሳ ላይ ዛሬም ይሠራል። “አሁንማ ልዩነት የለም” የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ።

ኤንቪዲያን የሚያስመርጥ ሥራም አለ፦ ኩዳ የሚፈልግ የማሽን ለርኒንግ ሙከራ፣ የብሌንደር ሥራ፣ ከባድ ሬይ ትሬሲንግ። ይህን የሚፈልግ ሰው ከ2018ቱ ቱሪንግ ወዲህ ያለውን ይያዝ፤ ክፍት የሆነው የከርነል ክፍል የሚሠራው ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ነው። የኢንቴል አርክ ቢ580 በ12 ጊጋባይት ሜሞሪው ጥሩ ዋጋ ያለው ካርድ ሲሆን ድራይቨሩም ክፍት ነው። ሪሳይዘብል ባር የሌለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ግን ፍጥነቱ ክፉኛ ስለሚወርድ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ባይገዛው ይሻላል።

አዲስ ካርድ ለአሮጌ ሲስተም መግዛትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። የኤኤምዲ አርኤክስ 9070 በመጋቢት 2025 ገበያ ላይ ዋለ፤ ኡቡንቱ 24.04 መጀመሪያ ሲወጣ የያዘው ከርነል 6.8 ግን ይህን ካርድ አያውቀውም። ምልክቱ ተርሚናል ላይ ይታያል፦ የካርዱ ስም መውጣት ባለበት መስመር ላይ “ኤልኤልቪኤምፓይፕ” ተብሎ ከተጻፈ ምስሉን በሙሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። መፍትሔው ከርነሉንና ሜሳን ማዘመን ወይም እንደ ፌዶራ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ዲስትሮ መጫን ነው።

የኬብል ነገርም አለ። ኤኤምዲ ኤችዲኤምአይ 2.1ን በክፍት ድራይቨሩ ውስጥ ለማስገባት ሠርቶ ቢያቀርብም የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 ሳይፈቅድ ቀረ። በዚህ የተነሳ የኤኤምዲ ካርዱን በኤችዲኤምአይ ከ4ኬ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ የሊኑክስ ተጠቃሚ በሴኮንድ 120 ምስል በሙሉ የቀለም ጥራት የማግኘት መብቱን ተነፈገ። ካርዱንም ቴሌቪዥኑንም በገንዘቡ የገዛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ መጣል በደል ነው። ሞኒተር የሚገዛ ሰው ዲስፕሌይፖርት ያለውን ቢመርጥ ከዚህ ጣጣ ይድናል። እንደ ቫሎራንት ያሉ፣ የማጭበርበር መከላከያቸው ሊኑክስን የማይቀበል ጌሞችን ግን የትኛውም ካርድ አያስከፍታቸውም።

አቅሙ ለአዲስ ካርድ የማይበቃ ሰው ያገለገለ አርኤክስ 6600 ቢያገኝ ይበጀዋል፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ የሚወስደው 132 ዋት ስለሆነ መካከለኛ ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። ከዚያ ዝቅ ሲል አርኤክስ 580 አለ። ይህኛው ጥንቃቄ ይሻል፤ ኢቴርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል፤ የአንዳንዶቹ ባዮስም ተነካክቷል። በዚያ ላይ 2048ኤስፒ የሚባለው ደካማ ዓይነት በ580 ስም ይሸጣል። ገዢው ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ሄዶ በሻጩ ማሽን ላይ ያስነሳውና የከርነሉን መዝገብ ያንብብ። ኤኤምዲጂፒዩ ሥራ የጀመሩትን ኮምፒውት ዩኒቶች ቁጥር እዚያ ይጽፋል፦ ትክክለኛው 580 ከሆነ 36፣ ሌላኛው ከሆነ 32 ነው።