ከጉልበቱ በፊት የነዳጅ መስመሩ

አል ሻምኻ ከአቡዳቢ ደሴት ወጣ ብሎ፣ ከዛይድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ በአሸዋማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በበጋው ወራት ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 45 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ የ1960ዎቹን የአሜሪካ ቪ-8 መኪና በጤና ማቆየት የሚፈልግ ሰው ዋና ፈተናው ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ቤንዚኑ ሞተሩ ዘንድ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይፈላል።

ከእነዚህ መኪኖች ጉልበታሞቹ “መስል ካር” ይባላሉ። ፖንቲያክ እ.ኤ.አ. በ1964 መካከለኛ ቁመና ላለው ጂቲኦ 6.4 ሊትር ሞተር ሲገጥምለት በአምራቾች መካከል የጉልበት ፉክክር ተጋጋለ። በ1970 የሼቭሮሌው ሼቬል 7.4 ሊትር ሞተር ይዞ 450 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ኤሚሬቶች ለቆዩ መኪኖች ያላቸው ፍቅርም የታወቀ ነው። ሼክ ሐማድ ቢን ሐምዳን አል ናህያን የሰበሰቧቸው መኪኖች ከአቡዳቢ በስተደቡብ በረሃ ውስጥ በፒራሚድ ቅርጽ በተሠራ ሙዚየም ይጎበኛሉ። በያስ ደሴት የውድድር ሜዳ ደግሞ ጉልበታቸውን ቀጥ ባለ መንገድ ለሚለኩ መኪኖች የተለየ መስመር አለ።

ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የቆየ መኪና የሚያድስ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን መጀመሪያ ለቀለምና ለክሮም፣ ቀጥሎ ለሞተር ያወጣል። የነዳጅ መስመሩ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ፣ ያውም መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው መንገድ ሳይታደስ ጉልበት መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት የፋብሪካውን አሠራር ማየት ይበቃል። በእነዚያ መኪኖች የነዳጁ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ታስሮ በካምሻፍቱ እየተገፋ ይሠራል፤ ታንኩ ግን ከኋላ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ቤንዚኑን በረጅም ቧንቧ ወደ ራሱ ይስባል። በሚሳብ ፈሳሽ ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ፈሳሹ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። የቤንዚን ቀላል ክፍሎች ደግሞ ድሮውንም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ መትነን ይጀምራሉ። የአስፋልቱ ግለትና የሞተሩ ሙቀት ሲጨመሩበት ቧንቧው በእንፋሎት ይሞላል። ፈሳሽ ለመግፋት የተሠራው ፓምፕ እንፋሎቱን መግፋት ያቅተዋል። ካርቡሬተሩ ይደርቃል፣ ሞተሩም ይንገራገጭና ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስም እሺ ብሎ አይነሳም።

ከአል ሻምኻ ወደ አል ዐይን ተጉዞ ጀበል ሐፊትን መውጣት ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ ደግሞ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፣ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሳል፣ ከፍታው ሲጨምርም የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚጫኑት የነዳጅ መስመሩን ነው።

መፍትሔው ከኋላ ይጀምራል። አሮጌው ታንክ ውስጡ ዝጎ ከሆነ ማጣሪያውን በየጊዜው ይደፍናል፤ መለወጥ ይኖርበታል። በአዲሱ ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲቀመጥ ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ፓምፑ ነዳጁን ከመሳብ ይልቅ ይገፋል፣ በዙሪያው ያለው ቤንዚንም ያቀዘቅዘዋል። ታንኩ የውስጥ መከፋፈያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ሲታጠፍ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ከዚያ ሞተሩ ያልተጠቀመበትን ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመልስ ቧንቧ ይዘረጋል። የሚዘዋወር ነዳጅ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አይግልም፤ የተፈጠረውም እንፋሎት ወደ ታንኩ ተመልሶ ይወጣል።

የፓምፑ መጠን በግምት አይመረጥም። አንድ የፈረስ ጉልበት በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰዓት በግምት 230 ግራም ቤንዚን ይፈልጋል። ስለዚህ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሰዓት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ፣ ማለትም ወደ 140 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። በገበያ የተለመደው በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጥ መግዛት ትርፉ ነዳጁን ያለ ሥራ እያመላለሱ ማሞቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ብዙ ያከራክራል፤ ካርቡሬተሩ ይቆይ ወይስ በኮምፒውተር በሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ይተካ? ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የሚጠይቁት ግፊት ግን በጣም ይለያያል። ካርቡሬተር ከግማሽ ባር በታች ይበቃዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ነዳጁ መግቢያውን የሚዘጋውን መርፌ ገፍቶ በጋለው ሞተር ላይ ይፈስሳል። መርጫው ግን ወደ 4 ባር ይፈልጋል። በዝቅተኛ ግፊት ለዓመታት የኖረ የጎማ ቱቦ 4 ባር ሲጫነው ከተሰነጠቀ፣ ቤንዚኑ መንጠባጠቡን ትቶ እንደ ጉም ይረጫል። ቱቦው ላይ የታተመው ምልክት የሚነበበው ለዚህ ነው፤ “30 አር 7” ለዝቅተኛ ግፊት፣ “30 አር 9” ለመርጫ የተሠራ ነው። ዋጋቸው ይለያያል፤ በዚህ ልዩነት ላይ መቆጠብ ግን አይገባም።

የኤሌክትሪክ ሥራውም እኩል ጥንቃቄ ይሻል። የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን እንዲቆም ተደርጎ ካልተገጠመ በቀር መኪናው ተጋጭቶም ነዳጅ መግፋቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ ኃይል የሚያቋርጥ ሪሌ፣ ግጭት ሲደርስ የሚዘጋ ማብሪያና ትክክለኛ ፊውዝ ያስፈልጉታል። ባለ ጋራዡ እነዚህን ሳያሟላ መኪናውን ለባለቤቱ ማስረከብ የለበትም።

የጥንቱን መልክ የሚያከብሩ ሰዎች “መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆይ” ይላሉ። ስሜታቸው ሊከበር ይገባል። ነገር ግን መኪናው የተሠራለት ነዳጅ ራሱ ዛሬ የለም። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ቀርቷል፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ ሻጭ አልጄሪያም በ2021 አቁማለች። አዲሱን ታንክና ፓምፕ የመኪናውን አካል ሳይቆርጡና ሳይበሱ መግጠም፣ የተነሣውን ካርቡሬተርና ፓምፕ ደግሞ አጽድቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ታሪኩም ደኅንነቱም በዚህ መንገድ አብረው ይጠበቃሉ።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሩቅ የሚመስለው ሰው በከተማዋ የሚሽከረከሩትን አሮጌ ቮልስዋገኖች ያስብ። ሸገር 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የአቡዳቢ ሙቀት በቤንዚን ላይ የሚያደርሰውን የሸገር ከፍታም በሌላ በኩል ያደርሰዋል፤ የመፍያ ነጥቡን ያወርደዋል። ካርቡሬተሩም ለከፍታው ካልተስተካከለ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ ያበዛል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው ቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማንም ያበላሻል። ቢትል የሚባለው ቮልስዋገን ደግሞ በክር የተሸፈነው የቤንዚን ቱቦው ሞተሩ ላይ፣ ብልጭታ አከፋፋዩ አጠገብ ያልፋል። እነዚህ መኪኖች በእሳት የሚጠፉበት አንዱ ዋና ምክንያት ያ ቱቦ አርጅቶ መሰንጠቁ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት ይበልጥ ዕድሜያቸው እንዲራዘም ይፈለጋል። ስለዚህ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ፍሬንና መብራት ከማየት አልፎ የነዳጅ ቱቦውን ዕድሜና ማሰሪያ መፈተሽ አለበት። የመለዋወጫ አስመጪዎች ኤታኖል የሚችል ቱቦ ያቅርቡ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ወጣት መካኒኮች ነዳጅን በግፊትና በሙቀት እንዲመረምሩ ያስተምሩ። ቮልስዋገን ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ አያሻውም፤ በዚህ ሳምንት የኋላውን የሞተር ክዳን ከፍቶ ቱቦውን በጣቱ ይጫን። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ አዲሱን ሳያስገጥም ሞተሩን አያስነሳ።