«እኛ እኮ ፈረንጅ አይደለንም!»

ሲነገሩ አገር መውደድ፣ ሲመረመሩ ኪስ መውደድ የሆኑ አባባሎች አሉን። ዛሬ ከእነርሱ አንዱን ይዤ ቀርቤያለሁ። ከማንም በፊት የምከሰው ግን ራሴን ነው፤ እኔም ብየዋለሁና።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለበት ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ቤት ተዘግተው ስለከረሙ «ትምህርቱ ሳይጠብቅ አንድ ቦታ እንውሰዳቸው» ተባለና ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እኔ የአምቦን መንገድ ያዝን። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ ገባን። መፀው ነውና ሜዳው አደይ ለብሷል፣ ጤፉም ለምልሟል። ቅዳሜን ልጆቹ ፍል ውኃው መዋኛ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ዋሉ። እሁድ ማለዳ የወሊሶን አቅጣጫ ይዘን፣ ያኔ ኮረኮንች በነበረው መንገድ እየተንገጫገጭን ወደ ወንጪ ወጣን።

ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ አፉን እንደከፈተ የቀረበት ተራራ ነው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ ይታያል፤ በሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የእንሰት ጓሮና የገብስ ማሳ። ያኔ ወደ ታች የሚወረደው በእግር ወይም በፈረስ ነበር። አማቴን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለእርሳቸውና ለልጆቹ ሦስት ፈረስ ያስፈልገን ነበር።

የፈረሱ ኪራይ የተተመነ ነበር። የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረሱን በተራ ነበር የሚያከራዩት። አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ልጓም ይዞ ቀረበና ዋጋውን ነገረኝ።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! እኛ እኮ ፈረንጅ አይደለንም!» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለሁሉም አንድ ነው። ዛሬ ደግሞ የኛ ተራ ነው» አለኝ፣ አማርኛው እየተሰባበረ።

«እንግዲያው በእግራችን እንወርዳለን።»

እንደማንወርድ እኔም አውቃለሁ፣ አማቴም ያውቃሉ። ልጁ ግን ተራው ካለፈ መቼ እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ ፈራ። በየፈረሱ ሠላሳ ሠላሳ ብር አስቀነስኩት። ባለቤቴን አየት አድርጌ በድል አድራጊነት ፈገግ አልኩ። ልጁ ፈረስ እየሳበ፣ አማቴን እየደገፈ፣ ትንሿ ልጄ በፈራች ቁጥር «አይዞሽ» እያለ ወርዶ ወጣ።

ስንመለስ አምቦ ላይ ምሳ በላን። ጥብሱ መጣ፣ አምቦ ውኃው መጣ፣ ቢራው ተደገመ። ሒሳቡን ከፈልኩና ለአስተናጋጁ መቶ ብር ቲፕ ሰጠሁት። ይሄኔ ያቺው ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ ለፈረሱ ልጅ ግን ከለከልከው አይደል?» አለች።

«ዝም ብለሽ ብይ» አልኳት። የሚመለስ መልስ ሲጠፋ የምንመልሰው እሱን ነው።

እንግዲህ ያቺን አባባል እንመርምራት። «ፈረንጅ አይደለንም» ስንል ምን ማለታችን ነው? «የአገሩ ባለቤቶች ነን፤ ባለቤት በገዛ ንብረቱ አይከፍልም» ማለታችን ነው። መልካም። ባለቤትነቱ ግን የሚታወሰን ስንከፍል ብቻ ነው። የበላንበትን ላስቲክና የሃይላንድ ጠርሙስ ሐይቁ ዳር ጥለን ስንነሳ ባለቤትነቱ የት ይሄዳል? ድሮ አምቦ ውኃ በጠርሙስ ብቻ ይሸጥ በነበረ ጊዜ፣ ጠርሙሱ ገንዘብ ስለተያዘበት አንድም ሰው ሜዳ ላይ አይጥለውም ነበር። ያኔ የጠበቅነው አገሩን ሳይሆን መያዣችንን ኖሯል!

ደግሞስ አስተናጋጁ ዘንድ ለምን አልተከራከርኩም? ሜኑ ላይ የተጻፈ ዋጋ ስለሆነ ነው? የፈረሱም ዋጋ የተተመነ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው። አስተናጋጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ልጁ ቦቲ ጫማ ተጫምቷል። ብንቀንስበት የማያሳፍረንን መርጠን ነው የምንቀንሰው።

ይህን ስል «እነሱም እኮ አያስቀምጡም! መኪና ሲቆም ይወሩሃል፣ የማይሆን ዋጋ ይጠሩብሃል» የሚሉ አይጠፉም። እውነት አላቸው። ከአንድ ቦታ በላይ ደርሶብኛል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ታሪፍና የታወቀ ተራ ነው። ወንጪ ላይ ይህ መድኃኒት ነበረ። ታሪፍ በሌለበት «ዘረፉን» እንላለን፤ ታሪፍ ባለበት ደግሞ ታሪፉን እናፈርሳለን። እኔ በዚያ እሁድ ያስቀነስኩት ዘጠና ብር ብቻ አልነበረም፤ የማኅበሩን ሥርዓትም ጭምር ነው። ነገ ያ ልጅ ለሌላ እንግዳ ዋጋ ከፍ አድርጎ ቢጠራ፣ ዋጋ መጫወቻ እንደሆነ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ወቅቱንም እናስብ። እኛ አበባ ለማየት የምንወጣበት ጊዜ ለገበሬው ምን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የተሟጠጠበት፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ የቆመበት ጊዜ ነው። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥን ይጠብቃል። መስከረምና ጥቅምት ለዓይን ጥጋብ ናቸው፤ ለሆድ ግን ጭንቅ። ወንጪ ላይ ከጓሮ የሚቆፈረው እንሰት ባይኖር ኖሮ የባሰ በሆነ ነበር። በዚህ ወቅት የፈረስ ተራ የደረሰው ቤት ያቺን ቀን ለጨው፣ ለደብተር፣ ለዘይት አስቦባታል። ሠላሳ ብሯ ከዚያ ላይ ነው የተቆረጠችው።

«ፈረንጁ ይክፈል» የሚለው ሒሳብ የት እንደሚያደርስም አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ፈረንጁ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ ተከተለና ጭራሽ ራቀ። ላሊበላን የመሰለ ከተማ እንኳ እንግዳ ናፈቀ። አገሬው አገሩን በአግባቡ ከፍሎ የመጎብኘት ልማድ ቢኖረው ኖሮ የብዙ ሰው ምድጃ ጨርሶ ባልቀዘቀዘ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወንጪ ስሙ ገኗል። በ2012 መጨረሻ ይፋ በሆነው ገበታ ለሀገር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆነ። መንገድ ተሠራ፣ ሎጅ ተሠራ። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሎጁ ውስጥ የተጠየቅነውን ሁሉ ያለ ቃል ከፍለን፣ ከበሩ ስንወጣ የምናገኘውን ባለ ፈረስ «ፈረንጅ አይደለንም» ማለታችን ነው። የማን ገደል እያየን፣ የማን ማሳ ዳር ፎቶ እየተነሳን?

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻም አይደለም። ያ ቁልቁለት እንጀራ ካልሰጠ ይታረሳል። ሰው ልጆቹን ማብላት አለበትና አይፈረድበትም። የታረሰ ቁልቁለት አፈሩ በክረምት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል ሐረማያ አሳይቶናል። የሐረር ሰው ሲጠጣው የኖረው ሐይቅ፣ ውኃው ለመስኖና ለከተማ ከልክ በላይ ሲቀዳና ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ይሄድበት ጀመር። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ ያ ዕድል ለሁሉም ሐይቅ እንደሚገጥም ማን ዋስ ይሆናል? የወንጪን ሐይቅ ከአፈር የሚጠብቀው ቁልቁለቱ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። እሱ ከሐይቁ ካልበላ ለማን ብሎ ይጠብቀዋል?

ስለዚህ አባባሏን አንጣላት፣ እናቃናት እንጂ። አዎ፣ ፈረንጅ አይደለንም። ፈረንጅ አንድ ቀን አይቶ፣ ከፍሎ፣ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ሐይቁ ቢደርቅ በፎቶው ይጽናናል። እኛ ግን ልጆቻችን፣ የልጅ ልጆቻችን የሚመጡት እዚሁ ነው። ፈረንጅ ስላልሆንን ታሪፉን ማክበር፣ የጣልነውን ማንሳት፣ የሳበልንን ልጅ ስሙን መጠየቅ ከእርሱ ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

እኔ የዚያን ልጅ ስም አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ልጄም አድጋለች፤ መስከረም በጠባ ቁጥር «ወንጪ መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኛለች። የምንሄድ ከሆነ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት፤ እኔ ከመኪናው አጠገብ ዝም ብዬ እቆማለሁ።